ለስንዴውና ለአራሷ የተዘጋ በር

ስቆጣ ድምፄ ጎረቤት ያዳርሳል። ታናሽ እህቴ «እታለም፣ ዐረብ አገር ሄደሽ ይዘሽው የመጣሽው ጩኸት ብቻ ነው» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። ሌላም ይዤው የመጣሁት ነገር አለ፤ እሱ ግን አያስቅም።

ሳዑዲ የሰው ቤት ነበር የምሠራው። እመቤቴ ሽንት ቤቱ ነጭ በነጭ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳትም። በረኪናውንም አሲዱንም አንድ ላይ ድፊበት ትለኛለች፤ ሽታው ሳሎን እንዳይገባባት ደግሞ በሩን ዘግተሽ ሥሪ ትለኛለች። ዘግቼ እሠራለሁ፤ ምን ምርጫ አለኝ? አንድ ቀን ደረቴን ጠፍሮ ያዘኝና እዚያው ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። ሐኪም ቤት ስደርስ መጀመሪያ የተጠየቅኩት ምን እንደነካኝ አይደለም፤ «ታሚን አለሽ ወይ?» ነው። ታሚን እዚያ ኢንሹራንስ ማለት ነው። ነበረኝ፤ ገባሁ። ከጎኔ ወንበር ላይ የነበረችው የሌላ ቤት ሠራተኛ አልነበራትም። እያቃሰተች ትቻት ገባሁ፤ ስወጣ የለችም። ምን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ደረቴ ከዚያ ወዲህ የኔ አይደለም። ትንሽ የሚቆጠቁጥ ሽታ ከመጣ ይቆለፋል። አገሬ ተመልሼ መካነ ሰላም ላይ የልብስ ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ ታዲያ፣ አንድ የኢንሹራንስ ወኪል ከደሴ መጥቶ ለእኛ ለነጋዴዎቹ ለቤተሰብ የሚሆን የግል የጤና መድን አለ ብሎ ሲያስረዳ፣ ሌሎቹ ሲያቅማሙ እኔ ቀድሜ ተመዘገብኩ። እናቴንና እህቴንም አስገባኋቸው።

እናቴ ስትሰማ አማተበች። «በስመአብ ወወልድ! ሳይታመሙ ለበሽታ መክፈል? ና ብለሽ መጥራትሽ ነው እኮ!»

«ለቅሬስ በየወሩ ትከፍዪ የለም እንዴ?» አልኳት። ቅሬ የቀብር ማኅበራችን ነው፤ እናቴ ብትራብም የቅሬውን አታስቀርም። «ሞትንስ ና እያልሽው ነው?»

«እሱ ሌላ ነው። ሞት አይቀርም።»

«በሽታስ ይቀራል?»

«ወግጅልኝ! ሟርተኛ!» አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እንደ አገሩ ወግ የታረሰችው እናቴ ቤት ነው። ባሏ እዚያው ሳዑዲ ነው፤ የልጁን ፊት በስልክ ነው ያየው። ሴት ልጅ ናት። የእናቴ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ባጃጅ እስከ በሩ የማይደርስበት ዳገት ላይ ነው። እናቴ ለአራሷ ከጓዳው በኩል አልጋ ዘረጋችላት፤ መጋረጃ ጋረደችላት። ከዚያ በኋላ ቤቱ ተዘጋ። አራስ ንፋስ ከነካት አለቀላት፤ እኛ ጋ ይሄ አያከራክርም። ጠያቂ ሲመጣ በሩ ገርበብ ይልና ወዲያው ይዘጋል። ገንፎው፣ የአጃው ሾርባ፣ ተልባው ሁሉ በዚያች ጠባብ ክፍተት ያልፋል።

የገበያ ቀን ነበር። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ሱቄን ዘግቼ ለሕፃኗ ልብስ ይዤላት ወጣሁ። እናቴ ደጅ ላይ ጠበቀችኝ፤ ፊቷ ልክ አይደለም።

«ምነው?»

«ንፋስ መትቷቸዋል» አለችኝ በሹክሹክታ። «እህትሽ ራሷን ይዛ ታቃስታለች፤ ያስመልሳታል። ሕፃኗም ጡት እንቢ ብላለች። ያቺ ትናንት የመጣች ጠያቂ በሩን በወጉ ሳትዘጋው ወጥታ ነው።» በሩ ሥር አሮጌ ነጠላ ጠቅጥቃበታለች። መስኮቷንም በጆንያ ሸፍናታለች።

ገባሁና መጋረጃውን ገለጥኩ። እህቴ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፤ ልትናገር ፈልጋ አቃታት። ያቺ ሕፃን ክንዷ ላይ ዝም ብላለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። የተበላሸ ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ነገር ሸተተኝ። ወዲያው ደረቴ ተቆለፈ። ያ የሳዑዲው ወለል ላይ የያዘኝ ነገር፣ እሱው ራሱ፣ እናቴ ቤት ውስጥ ያዘኝ።

«እማዬ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?» አልኳት እያሳለኝ።

«የምን ሽታ?»

«እዚህ ቤት ምን አስገባሽ?»

«ምን አስገባለሁ? የክርስትናዋ ድግስ ስንዴ ነዋ! ነቀዝ ሊጨርሰው ሲል አንድ ብልቃጥ የነቀዝ ክኒን ገዝቼ ጆንያው ውስጥ ከተትኩበት። ሻጩ ቤቱን ዝጊው፣ አየር ከገባ አይሠራም ብሎኛል።»

ዞር ስል ጆንያዎቹ ከአልጋው ራስጌ ተደርድረዋል። ያን ጊዜ ገባኝ። በሩ ለሁለት ነገር ነበር የተዘጋው፤ ለስንዴው አየር እንዳይገባ፣ ለአራሷ ንፋስ እንዳይገባ። እናቴ አንድ በር ዘግታ ሁለቱንም የጠበቀች መስሏት ነበር።

ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም። በሩን በርግጄ ከፈትኩት፤ ከመስኮቷ ላይ ጆንያውን ቦጨቅኩት። ሕፃኗን ከነጨርቋ አፈፍ አድርጌ ልወጣ ስል እናቴ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«አንቺ! ልትገያት ነው? ንፋሱ!»

«ልቀቂኝ እማዬ!»

«አፈር ስሆንልሽ፣ ልጄ፣ አፈር ስሆን፣ በሩን መልሽው!»

ገፈተርኳት። እናቴን ገፈተርኳት፤ ያሳደገችኝን። ሕፃኗን ደጅ ፀሐይ ላይ አስተኝቼ ለእህቴ ተመለስኩ። እጇን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ሳነሳት እግሯ ከዳት፤ እየጎተትኩ አወጣኋት። ጎረቤት ተሰበሰበ። እናቴ ጋቢ ይዛ ትሮጣለች፤ ፊታቸውን ትሸፍናለች፤ እኔ እገልጣለሁ። እንደዚያ ስንታገል ወንዶቹ አልጋ አምጥተው እህቴን በሸክም ወደ መንገድ አወረዷት፤ እናቴን ጎረቤቶች ይዘው ቤት አስቀሯት።

የከተማው ሆስፒታል ሐኪም ስለ ክኒኑ ስነግረው ግንባሩን ያዘ። «ይሄ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ጋዝ ይሆናል» አለኝ። «ሰው የሚተኛበት ቤት ውስጥ መግባት አልነበረበትም። ማርከሻ የለውም። ኦክስጅን እንሰጣለን፤ ልቧ እንዳይከዳት እንከታተላለን። ሕፃናትን ቶሎ ነው የሚጎዳው።» የመጨረሻዋን ሲናገር አላየኝም። አምቡላንስ ተጠርቶ ወደ ደሴ ጉዞ ጀመርን። እኔ ሕፃኗን ታቅፌያለሁ፤ ነርሷ ትንሿን የኦክስጅን ጭንብል ይዛላታለች። እህቴ ከአልጋዋ ሆና ዓይኗን ከልጇ ላይ አላነሳችም። መንገዱ ላይ ያለችው አቀስታ ከተማ ሳንደርስ ነርሷ ጭንብሉን ቀስ ብላ አነሳችው። እህቴ አየች። ድምፅ የሌለው ልቅሶ አይቼ የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሕፃኗን ክርስትና ሳትነሳ ቀበርናት።

እህቴን ደሴ አንድ የግል ሆስፒታል ፅኑ ሕሙማን ክፍል ተቀበለልን። አልጋ የተገኘው እዚያ ብቻ ነበር። ማስያዣ ሲሉኝ የኢንሹራንሱን ካርድ አወጣሁ፤ ደውለው አረጋገጡና አስገቧት። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ያቺ ሳዑዲ ትቻት የገባሁት ልጅ ትዝ አለችኝ። እህቴ ልክ እንደሷ ወንበር ላይ ልትቀር ትችል ነበር። የዚያን ቀን ለዚያች ካርድ ያለቀስኩትን ያህል ለሰው አልቅሼ አላውቅም።

ዳነች። ደካክማ፣ ከስታ፣ ግን ዳነች። መናገር ስትጀምር መጀመሪያ ያለችኝ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት» ነው።

«ምኑን?»

«ክኒኑን። እኔ ገዝቼ አስገብቼ ገደልኳት ትላለች። ከሰማች አትተርፍልንም፣ እታለም። ማይልኝ።»

ማልኩላት። ለዚህ ነው እናቴ እስከዚያ ድረስ አንድ ነገር ብቻ ታውቅ የነበረው፤ ሕፃኗን ንፋስ ገደላት። ንፋሱን ያስገባሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ለቅሶ ለሚደርሳት ሁሉ «ትልቋ ልጄ በሩን በርግዳ ትንሿን አስነጠቀችኝ» ትላለች። እኔ እዚያው ጥግ ቁጭ ብያለሁ። ደሜ ይፈላል፤ ምላሴን እነክሳለሁ። ከአጥር ወዲያ ያሉት እስላም ጎረቤታችን፣ እናቴን አንድ ቀን ሳይለዩ ያጽናኑ ሴትዮ፣ «አብሽሪ፣ አላህ ያመጣው ነው፣ ልጅሽን አትኮንኛት» ይሏታል። እናቴ አትሰማም። የሰጠኋትን ውሃ እንኳ ከእጄ አትቀበልም ነበር። ጆንያዎቹን ግን ከቤት አውጥቼ ሜዳ ላይ አስጥቻቸው ነበር፤ አይጥ ገባባቸው ብዬ።

እህቴን ይዤ ከተመለስኩ በኋላ ነው ያ የኢንሹራንስ ወኪል የመጣው። ረጋ ያለ፣ ጫማውን ደጅ ላይ አራግፎ የሚገባ ሰው ነው። ለእናቴ ጎንበስ ብሎ «እናቴ፣ እግዜር ያጽናዎት» አላት። ከዚያ የመጣበትን ተናገረ።

«ሆስፒታሉ የጻፈልን በመርዝ ተጎድታ ነው ይላል። ድርጅቱ እንዴት እንደሆነ ሳያውቅ አይሸፍንም። በአደጋ ከሆነ ይሸፍናል። እንዲያው ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ራሷ ጠጥታው ከሆነ ግን...»

«ማ?» አለች እናቴ። ተነሳች። «የኔ ልጅ? አራስ ልጄ መርዝ ጠጣች?»

«እኔ እንደዚያ አላልኩም፣ እናቴ፤ ግን ንፋስ ነው ካሉኝ...»

«ንፋስ ነው! ይቺ ናት ያስገባችው!» ጣቷን ወደኔ ቀሰረች። «የኔን ልጅ ስም አታጥፋ!»

እህቴ አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማለች። ዓይን ለዓይን ተያየን። ዝም ካልኩ መርዝ ጠጥታ ልጇን የገደለች እናት ተብላ ልትኖር ነው፤ እዚህ አገር ይሄ ስም አይለቅም። ከተናገርኩ እናቴን ልናጣት ነው። እህቴ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ንገሪያት ማለቷ ነው።

«እማዬ፣ ንፋስ አይደለም» አልኳት። ድምፄ እንደዚያ አንሶ አያውቅም። «ክኒኑ ነው። የስንዴው ክኒን። ጋዝ ይሆናል፤ ቤቱ ሲዘጋ መውጫ ያጣል። እሷን የገደላት እሱ ነው።»

እናቴ ቆማ ቀረች። ትወድቃለች ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልወደቀችም። አልጮኸችም፤ ደረቷን አልደቃችም። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«ያ ብልቃጥ ውስጥ ያለው?»

«አዎ።»

«ወይኔ...» አለች። «ወይኔ! የተረፈውን ዛሬ ጠዋት ከአጥር ወዲያ ላለችው ጎረቤቴ ሰጠኋት! ለማሽላዋ! ምራቷ ሰሞኑን ወልዳለች እኮ!»

ነጠላዋን ሳታነሳ ወጣች። ባዶ እግሯን ነው የሮጠችው። እኔ ከኋላዋ፣ ወኪሉም ከኋላዬ። ድርጅቱ በኋላ የእህቴን ሕክምና ሸፍኗል፤ ያን ሰዓት ግን ማናችንንም ገንዘቡ ትዝ አላለንም። እናቴ የጎረቤታችንን በር በሁለት እጇ ትደበድባለች።

«ክፈቱ! ለአላህ ብላችሁ ክፈቱ!»

«ኧረ ምን ሆንሽ? አራስ አለች እኮ!» አሉ ጎረቤታችን ከውስጥ።

«ለእሷ ነው! ክፈቱ!»

በሩ ገርበብ ሲል እናቴ በትከሻዋ ገፍታው ገባች። የጋረዱትን ሁሉ ስትቀድ፣ ስትጥል ይሰማኛል። ሕፃኑን ታቅፋ ወጣች፤ አራሷ ግራ ተጋብታ በእግሯ ተከተለቻት። ውጭ ንፋስ ነበር፤ የጥር ንፋስ፣ አቧራ የሚያስነሳ። ጎረቤታችን ፎጣ ይዘው እየሮጡ የሕፃኑን ፊት ሊሸፍኑ ሲሉ እናቴ እጃቸውን ያዘች።

«አትሸፍኚው! ይተንፍስ!»

ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ። ጥሩ፣ ጠንካራ ልቅሶ። እናቴ አፈር ላይ ተንበረከከች። «እሰይ» አለችው፣ «እሰይ የኔ ጌታ፣ አልቅስ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ ዓይኔን ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለችኝ።

አጠገቧ ተቀምጬ አቀፍኳት። «አታውቂም ነበር» አልኳት። «አታውቂም ነበር፣ እማዬ።»

ያን የጎረቤት ልጅ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ማንም ወደ ቤት እንዲያስገባው አልፈቀደችም።