ማሾዬና የደጋው ብርድ

ሰባተኛ ክፍልን ልቀቂ ስባል ደሜ ፈላ። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ባለው ትምህርት ቤታችን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይንስ ያስተማርኩት በኮሌጅ ዲፕሎማ ነው። አሁን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ዲግሪ ያስፈልጋል ተባለ። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ነገሩኝ። «ወይ በዚህ ክረምት ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ዲግሪውን ትጀምሪያለሽ፣ ወይ ከመስከረም ጀምሮ ወደ ታች ክፍል ትወርጃለሽ።» የታች ክፍሎችን ንቄ አይደለም። ሰባተኛ ላይ ግን ልጆቹ ያፋጥጡኛል፤ «ቲቸር፣ በምን አወቁ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሰው ሲያፋጥጠኝ ደስ ይለኛል፤ ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮዬ ነው።

ገባሁ። ዩኒቨርሲቲው ደጋ ላይ ነው። የጣርማ በርን አቀበት አልፈን ስንወጣ የሐምሌ ብርድ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ወላሂ፣ እኛ ቆላ ያደግን ሰዎች እንዲህ ያለ ብርድ መኖሩን የምናውቀው በወሬ ነው። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ የደብረ ሲና ልጅ ናት፣ እንደኔው አስተማሪ። ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ስታየኝ በሳቅ ሞተች። «አንቺ፣ ገና መቼ በረደና!»

ዲፕሎማችን ለዲግሪው ተቆጥሮልን እንድንቀጥል የመጀመሪያውን ክረምት ትምህርት በሙሉ ማለፍ ግድ ነበር። የቀረኝ አንድ የተግባር ሥራ ነው። የመረጥነውን ዘር ቤተ ሙከራ ውስጥ አብቅለን፣ ሥሩን ለክተን፣ ዓርብ ጠዋት ከነዘገባው ማቅረብ። ያልበቀለለት ወደቀ ማለት ነው።

ሌሎቹ ብርድ የለመዱትን ስንዴና ባቄላ መረጡ። እኔ ከማሳችን ማሾ ይዤ ነበር የሄድኩት፤ አረንጓዴ፣ ዶቃ የምታህል የቆላ ጥራጥሬ። ሰው ሁሉ ሳምንት ቀድሞ ዘሩን ሲነክር እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። «የኛ ማሾ ዛሬ ከነከርሻት ነገ ሥር ታወጣለች» እያልኩ ጉራዬን ነዛሁ። ሰኞ ነከርኳት። ማክሰኞ ምንም የለም። ረቡዕ ጠዋት ቤተ ሙከራ ገብቼ የሳህኑን ክዳን ስከፍት ማሾዬ ውሃዋን ጠጥታ፣ ተነፍታ፣ ዝም ብላ ተኝታለች።

ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። ገበሬ ስለሆነ ዘር ያውቃል። «ፀሐይ ላይ አውጫታ» አለኝ።

«የት ያለችውን ፀሐይ!» ብዬ ጮህኩበት። ምስኪን፣ ምን ያድርግ፤ እሱ እዚያ ላቡን ይጠርጋል፣ እዚህ ግን ጉም መስኮቱን ሸፍኖታል።

ስልኩን ዘግቼ እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ተቀመጥኩ። ሞቀኝ። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ግማሹን ማሾ በእርጥብ ጨርቅ ቋጥሬ ከሹራቤ ሥር ወገቤ ላይ በሻሽ አሰርኳት። ግማሹን ቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ ተውኩ። ብልህ ሆኜ አይደለም፣ ወገቤ አልበቃ ብሎ ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ እንደዚያ ሆኜ ተማርኩ። ጎንበስ ማለት የለ፣ መሮጥ የለ፤ ውሃው እየተንጠባጠበ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይወርዳል። ጓደኛዬ ሆዬ ሆዴን እያየች «ስንተኛ ወርሽ ነው?» ትለኛለች። «ዝም በይ፣ ታስደነግጫታለሽ!» እላታለሁ። እየሳቅሁ በልቤ ግን አስብ ነበር። በዚህች ጉራዬ ክፍሌን ባጣስ?

ዓርብ ጠዋት ፈታኋት። ሱብሃነላህ! እያንዳንዷ ማሾ ነጭ ጅራት አውጥታለች። እኔ ጮህኩ፣ ጓደኛዬ እልል አለች፣ የጎረቤት ክፍል ሰዎች ሠርግ ነው ብለው መጡ።

ዘገባው ላይ ግን «ዘሩ የበቀለበት ቦታ» የሚል መስመር አለ። ጓደኛዬ «ቤተ ሙከራ ብለሽ ሙዪው፤ በማርያም፣ ማን ያውቃል?» አለችኝ። እስክሪብቶዬን አንስቼ ትንሽ አመነታሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ ልዋሽ ነበር። ከዚያ ግን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ የተማሪዋ ወገብ።

የዩኒቨርሲቲው መምህራችን በዕድሜ ከኔ ያንሳል፤ ወጣት ነው፣ ፈገግታ የሚባል ነገር አያውቅም። አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«መመሪያው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው የሚለው» አለኝ።

«ይላል። ግን እዚያ ብርድ ነው።»

«ጠረጴዛው ላይ ያለው ማሾስ የማን ነው?»

«እሱም የኔው ነው። ያው ዘር፣ አብሮ የተነከረ። እሱ አልበቀለም።»

ሁለቱን ሳህኖች ጎን ለጎን አስቀመጠና ተማሪውን ሁሉ ጠራ። «ኑ እዩ» አለ። «ሁላችሁም ዘር አብቅላችኋል። ዘር ምን ሲያጣ እንደማይበቅል ያሳዩን ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ሰው ሲያጨበጭብ እኔ አፈርኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ «ለመብቀል ውሃ፣ አየርና ሙቀት ያስፈልጋል» ብዬ ጽፌ አስገልብጫለሁ። ውሃ ሲጎድል አይቻለሁ። ሙቀት ሲጎድል ግን ሸዋ ሮቢት ላይ ማን አይቶ ያውቃል? ቃሏን እንደ ዳዊት ደገምኳት እንጂ አንድም ቀን አልፈተንኳትም።

አለፍኩ። ዲፕሎማዬ ተቆጠረልኝ፣ የዲግሪ ተማሪ ሆንኩ። ርዕሰ መምህሩ በስልክ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ክፍልሽ ይጠብቅሻል» ሲሉኝ አልሐምዱሊላህ ብዬ ግቢው መሐል ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

መስከረም ላይ ሰባተኛ ክፍል ገባሁ። ሰሌዳው ላይ «ውሃ፣ አየር» ብዬ ጻፍኩና ሦስተኛዋን ሳልጨምር ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ለየቡድኑ እፍኝ እፍኝ ማሾ አደልኩ። «ግማሹን ክፍላችን ውስጥ ንከሩ» አልኳቸው፤ «ለግማሹ ደግሞ እዚህ አገር ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጉለት።»

ልጆቹ አውካኩ። ከዚያ ሁሉም ቦታውን ሊናገር በአንድ ጊዜ እጁን አወጣ።