አፉ የታሰረው እባብ

ልጅ ሳለሁ ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ የሚለው አንድ ሰው ነበር፤ ጋሽ ታፈሰ። ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው። መሬት ቀያሾችን ጭኖ ቆላ ለቆላ ስለዞረ፣ እሱ እንደሚለው፣ በእጁ ያልያዘው የእባብ ዘር የለም። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ ግን ይቅርብኝ። ኩራዙ ተለኩሶ፣ የከሰሉ ፍም በረንዳው ላይ ሲቀላ፣ የስምንቱ ቤት ሰው በርጩማውን ይዞ ይከበዋል። እሱም ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እኛ ልጆቹ እግራችንን ከመሬት እንሰበስባለን።

እባቡ በወሬው ውስጥ በየጊዜው ያድግ ነበር። በመስከረም ክንድ የሚያክለው ዘንዶ በጥር መኪናውን ይዞ ያቆማል። አንድ ማታ አንገቱን አንቆ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ እባቡ እንባ እንደተናነቀው ነገረን። እባብ ያለቅሳል ወይ ብዬ ብጠይቅ አባቴ ትልቅ ሰው ሲያወራ ዝም በዪ ብሎ ቆነጠጠኝ። ትልልቆቹ ሰዎች ግን፣ ቢሮ ውለው የሚመጡት ጭምር፣ አፋቸውን ከፍተው ነበር የሚሰሙት።

ክረምት ሊገባ ሲል ደግሞ ከወሬ ያለፈ ሥራ ነበረው። የግቢው በር ላይ ሰባት ቋጠሮ ያለው ጥቁር ክር ያስርና «የምድር አውሬውን አፍ አስሬዋለሁ» ይላል። በዚህ ክር ምክንያት ከቧንቧው አጠገብ የፈረሰው የአጥር ድንጋይ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደተከመረ ቀረ። ክሩ ካለ ማን ወገቡን ይሰብራል?

ድንጋዩ ይነሳ የምትል አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ከቄራ በእግሯ እየመጣች የስምንቱንም ቤት ልብስ የምታጥበው እትዬ ዘይነባ። አንቺ ልብስሽን እጠቢ እያሉ ይስቁባታል። ተረት አታውቅም፤ ለማውራትም ጊዜ የላትም። አንድ ረፋድ ላይ ግን አረፋ የነካው ጣቷን ወደ ጥዱ አጥር ቀሰረችልኝ።

«ያንን ቅጠል እዪው። ነፋስ የለም። ታዲያ እሱን ብቻውን ምን ያወዛውዘዋል?»

ከቅጠል በስተቀር ምንም አይታየኝም ነበር። ትንሽ ቆይቶ ቅጠሉ ዓይኑን አዞረ፤ እስስት ናት።

«የተደበቀ ነገር ራሱ አይታይሽም» አለችኝ ካልሲ እየጨመቀች። «የሚነግርሽ ሌላው ነው። ቅጠሉ፣ ወፉ፣ ዶሮዋ።» ከእሷ የሰማሁት ተረት በሙሉ ይኸው ነው፤ አንድ ካልሲ ተጨምቆ እስኪሰጣ አልፈጀም።

ያ ክረምት ሳያልቅ፣ ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ብልጭ ባለች አንድ ቀን፣ ገና ድክ ድክ የሚለውን ታናሽ ወንድሜን ሚኪን እንድጠብቅ ታዝዤ ነበር። እሱ የድስት ክዳን እየጎተተ ወደ ድንጋዩ ክምር ሄደ። የጎረቤት ዶሮ መጫሯን ትታ፣ አንገቷን አስግጋ፣ አንድ ቦታ ላይ ደርቃ ቆማለች። እኔም እሷ ያየችበትን አየሁ። ድንጋይ ነው፣ ሌላም ድንጋይ፣ እርጥብ ቅጠል። ከዚያ አንዱ ድንጋይ ተነፈሰ።

ጮኽኩ። ለሚኪ ከሁሉም የሚቀርበው ወንበር ላይ ተቀምጦ ፀሐይ የሚሞቀው ጋሽ ታፈሰ ነበር፤ ሁለት እርምጃ ቢራመድ ይደርስበታል። ከነጫማው ወንበሩ ላይ ወጣ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ይሄ ሰው ግን ልጡንም አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። እትዬ ዘይነባ የብረት ሳፋዋን ውሃ ደፍታ ሮጠች፣ ሚኪን በሸሚዙ ጎትታ ወደ ኋላ ወረወረችው፣ ሳፋውን እባቡ ላይ ደፋችና ተቀመጠችበት። ከሥሯ ብረቱ ሲንኳኳ ይሰማል። ወንዶቹ ዶማ ይዘው እስኪመጡ ድረስ እንደዚያው ተቀምጣ ቆየች። እፉኝት ነበር።

«እንዳልነደፈው አያችሁ? አፉ ታስሯል ብዬ አልነበር?» አለ ጋሽ ታፈሰ፣ ገና ከወንበሩ ሳይወርድ።

አመኑት። የተማሩት አመኑት፣ ያልተማሩትም አመኑት። አባቴ ሥጋ ገዝቶ ጋበዘው። ስለ እትዬ ዘይነባ ደግሞ ሹክሹክታ ተጀመረ። እባብ ላይ የምትቀመጥ ሴት ምን ብትሆን ነው? ድንጋዩ ይነሳ ስትል የከረመችውስ፣ ሥሩ ያለውን ብታውቅ አይደል? ልጇን አቅፋ ስታለቅስ የዋለችው እናቴ፣ ቅዳሜ ሳይደርስ፣ ሌላ አጣቢ አግኝቻለሁ አለቻት። ሰባቱም ቤት ተከተሉ። እትዬ ዘይነባ ሳፋዋን ታቅፋ በዚያ ክር ሥር ወጣች፤ ተመልሳም አልመጣች። ከዚያ ወዲያ ምን ሠርታ እንጀራ እንደበላች የጠየቀ የለም።

እኔስ? እባቡ በተገደለበት ማታ፣ አባቴ የገዛው ሥጋ ፍሙ ላይ እየተጠበሰ፣ ይህን የመሰለ ዓይን ማን ሰጠሽ ብለው ጠየቁኝ። ጋሽ ታፈሰ ቀና ብሎ አየኝ። ስምንቱም ቤት ተሰብስቧል፤ የሚፈልጉት መልስ ምን እንደሆነ ፊታቸው ላይ ይነበባል።

«ጋሽ ታፈሰ» አልኩ።

ራሴን ዳበሱኝ። ደህና ብልት መርጠው አጎረሱኝ፤ ጣፈጠኝ። ልጅ ምን ያውቃል ይባላል። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ በደንብ አውቅ ነበር።

ግቢው ከፈረሰ ቆይቷል። ጋሽ ታፈሰም ሲሞት የእባብ ጌታ ተብሎ ነው የተለቀሰለት። ዛሬም አጥር ውስጥ ያለች እስስት ከማንም በፊት ትታየኛለች፤ ሰዎች ሲገርማቸው ዘይነባ የምትባል ሴት ናት ያስተማረችኝ እላለሁ። ማን ናት ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። ስሟን መጥራት የነበረብኝ የጠየቁኝ ማታ ነበር።