መኪያና ቁጥር የሌላቸው ቤቶች

ሲስተር መኪያ ሰፈራችንን የምታውቀው በእግሯ ነው። አባቷ ዓለም ገና አስፋልት ዳር ሱቅ አላቸው፤ በነርስነት ስትመረቅ መድኃኒት ቤት ሊከፍቱላት ፈልገው ነበር። እሷ ግን ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃና ስለ ንጹሕ ውሃ የሚያስተምሩበትን የመንግሥት ሥራ መረጠች። አጭር ናት፤ ከእሷ ጋር የሚራመድ ረጅም ሰው ግን ይደክመዋል። ክረምት ሲገባ የምታጠልቀውን የላስቲክ ቦት ጫማ እስከ መስቀል አታወልቀውም።

የምጽፈው በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ስለሆነው ነው። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ወራት አልፈው ነበር፤ የሚያምን ግን አልነበረም። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን በተቃውሞ በድንጋይ ይዘጋል። ደብተር ይዞ የሚዞር ሰው ሁሉ መሬት ሊለካ እንደመጣ ይታሰባል። ወንዝ ዳር የሚኖሩት ደግሞ ከገበሬ ገዝተው ያለ ካርታ የሠሩ ስለሆኑ የቤት ቁጥር የላቸውም፤ ፍርሃታቸውም ከሁላችን ይበልጥ ነበር። መኪያ ደብተሯን ከፍታ «እዚህ ግቢ ስንት ሰው ይኖራል?» ስትል በር ይዘጋባታል። እኔም አንድ ቀን ዘግቼባታለሁ። በዚህ አልኮራም።

አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ በዝናብ ርሳ ግቢዬ ገባች።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ጃራ።»

«ደህና ነኝ ልጄ። ምን ሆነሽ ነው?»

«ወንዝ ዳር አራት ሰው ተቅማጥ ይዞታል። የሚወጣቸው ውሃ ብቻ ነው፤ ሩዝ የታጠበበት ይመስላል። አራቱም የሚጠጡት ከታችኛው ምንጭ ነው። ምንጩ ዛሬ ካልተዘጋ ነገ አሥር ይሆናሉ።»

እንዲህ ያለ በሽታ ሲጠረጠር በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ለጤና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ግዴታዋ ነው። የትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆነ አልጽፍም፤ ሰዎቹ ዛሬም አሉ። እሷ ያን ቀን ጠዋት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደውላ ነበር። ሪፖርት የሚቀበለው ኤርምያስ የሚባል ሰው፣ ፎርም ካልተሞላ ቡድን አይንቀሳቀስም አላት። ሞልታ በእግሯ ወሰደች። መለሰባት።

ወረቀቱን ተቀበልኳት። ፊደል የለየሁት በሃምሳ ዓመቴ፣ በራሴ ጥረት ነው፤ ስለዚህ ወረቀት ሲሰጠኝ እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ ሁሉም ተሞልቷል። «የቤት ቁጥር» በሚለው ሥር ግን አራት ባዶ ቦታ አለ። ኤርምያስ በቀይ እስክሪፕቶ አክብቦበታል።

«ቁጥር ከየት ላምጣላቸው?» አለች። «ማዘጋጃ ቤት ነኝ እንዴ? እነሱን ብጠይቃቸው ደግሞ ልታስፈርሺን ነው ብለው ያባርሩኛል።»

«የእኔ ቤት ቁጥር አለው» አልኳት። «በእኔ ጻፊያቸው።»

«አራቱንም?»

«አራቱንም። ተከራዮቼ ናቸው በይ።»

ወረቀቱን አየችው። «ኦቦ ጃራ፣ ይኼ ውሸት ነው።»

«ውሸት ነው። ቡድኑ ግን ይመጣል። ሲመጣ ምንጩን ታሳያቸዋለሽ።»

ጻፈች። ብልህ ምክር የመከርኳት መስሎኝ ነበር።

ፎርሙ ያለ ምንም ጥያቄ አለፈ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ቡድኑ የደረሰው ረቡዕ ነው። አፋቸውን የሸፈኑ ሦስት ሰዎች መርጫ ተሸክመው ከመኪና ወረዱና መጸዳጃ ቤቴን፣ ደጃፌን፣ በረቴን ሳይቀር ረጩ።

«ኧረ ጥጃዋን ተዋት» አለች ባለቤቴ ደስታነሽ። «እሷ ከሁላችንም ደህና ናት።»

መኪያ መሪያቸውን ቢንያምን ተከትላ ትለምናለች። «ምንጩ እታች ነው። በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ክሎሪኑ የሚያስፈልገው እዚያ ነው።»

«ሲስተር፣ የተሰጠኝ አድራሻ 147 ነው። 147 ይኼው ተረጨ። እታች ድንጋይ ቢወረወርብኝ ማን አዘዘህ ይሉኛል። አንቺ ትመልሺልኛለሽ?»

«እኔ እቀድማለሁ።»

«አድራሻው 147 ነው» አለና ፈረመ።

ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ አንድ ካርቶን ኦአርኤስ ትተው ሄዱ። መኪያ ካርቶኑን ተሸክማ ወንዝ ዳር ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት። የመንግሥት መኪና መምጣቱ ግን ቀድሞን ተወርቶ ነበር። ቀድሞ የከፈቱላት እንኳ ዘጉ። አስፋልት ላይ ሽንኩርት የሚቸረችረው ከድሩ በሩን ሳይከፍት፣ «የታመመ የለም። ሂጂ» አላት። ሚስቱ ራቢአ ከዚያ በር ጀርባ ታማ ተኝታ ነበር። መኪያ የኦአርኤሱን ከረጢቶች በሩ ሥር አስቀመጠች፤ አጠቃቀሙን ጮክ ብላ ለበሩ አስረዳች።

በማግስቱ ራቢአን በአልጋ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሮጡ መንገድ ላይ ሞተች።

ከቀብር በኋላ መኪያ በከድሩ ደጃፍ ላይ ከለቅሶኞቹ ጋር ተቀመጠች። ሞቱም ሪፖርት መደረግ አለበት። እኔ አሁንም «በእኔ ቁጥር ጻፊያት» ልላት ስል ቀድሞ ገባት።

«አልጽፋትም፣ ኦቦ ጃራ። እርስዎ ቤት አልሞተችም። ባለፈው በእርስዎ ጽፌ የሆነውን አይተዋል።» ወደ ከድሩ ዞረች። «ከድሩ፣ ያለ አንተ ፈቃድ ቤትህን ወረቀት ላይ አላሰፍርም። ካልሰፈረ ግን ሰዎቹ እዚህ አይደርሱም። ምንጩም አይዘጋም።»

«ጻፊው» አላት ከድሩ። «ከዚህ በላይ ምን ያፈርሱብኛል?»

በቁጥሩ ቦታ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ቁጥር የለውም። ከምንጩ በላይ፣ ከዋንዛው ዛፍ ቀጥሎ ያለው ሦስተኛው ቆርቆሮ ቤት።» የሌሎቹንም ሕሙማን ቤት፣ ከድሩን አይተው ሲፈቅዱላት፣ እንዲሁ ጻፈች። ሕሙማኑ ያን ቀን አሥራ አንድ ደርሰው ነበር።

ዓርብ እኔና መኪያ ወደ ጽሕፈት ቤቱ በእግር ሄድን። በኤርምያስ ጠረጴዛ ላይ ክምር ፎርም ነበር፤ የእሱንም ከበላይ እየመለሱበት እንደሆነ ከቀይ ቀለሙ አየሁ።

«ይኼ ቁጥር አይደለም» አላት።

«አይደለም። ግን ሰው ያደርሳል።»

«ያለፉት አራቱስ? 147 ብለሽ አልነበር?»

«ሐሰት ነበር። እነሱንም እዚህ አስተካክያለሁ።»

«ምክሩ የእኔ ነው» አልኩት።

«አባባ፣ እርስዎን የጠየቀ የለም።»

በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ዋጥኩት፤ ምንጩ ስላልተዘጋ።

ኤርምያስ ፎርሙን ተቀበለ። በዚያው ቀን ለመኪያ የሐሰት ሪፖርት በማቅረብ በሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈላት። ፈርማ ወሰደች። እሑድ ቡድኑ ወረቀቱን እያነበበ ወንዝ ዳር ወረደ፤ ድንጋይ የወረወረ አልነበረም። ምንጩ ታጠረ፣ ቦቴ ውሃ መጣ። ከራቢአ በኋላ የሞተ ሰው የለም። መጀመሪያውኑ ሰኞ ዕለት እንዲህ ተብሎ ተጽፎ ቢቀበሉት ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ እበሳጫለሁ፤ በእነሱም፣ በራሴም።

ጥር ላይ ወንዝ ዳር አሥራ አራት ቤት ፈረሰ። የከድሩም አለበት። መኪያ ግቢዬ መጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«በእኔ ወረቀት ይሆን የፈረሰባቸው?» አለችኝ።

«አላውቅም፣ ልጄ» አልኳት። እውነትም አላውቅም። ከድሩ አልወቀሳትም። እሷ ግን በዚያ ሳምንት አዲስ ፎርም ስትሞላ አየኋት፤ የቤት ቁጥር የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪፕቶዋን ከወረቀቱ ላይ አንስታ ብዙ ቆየች።