በሶንጎው በር ያስቀመጥኩት ዱላ

አንባቢዬ፣ ለምትሠራው ነገር በቂ ምክንያት አዘጋጅተህ፣ ከሠራኸው በኋላ ግን ምክንያቱ ከአፍህ አልወጣ ብሎህ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል።

ጣሊያን ዲላን ለቆ በሚወጣበት ሰሞን ነው። ጥቂት ልጆች ሰብስቤ ፊደል የማስቆጥር ወጣት ነበርኩ፤ ሁሉን ነገር አንደኛ፣ ሁለተኛ እያልኩ ማስረዳት እወድ ነበር።

ቀደም ሲል በጪጩ በኩል ለጣሊያን መንገድ ስንሠራ ካቦ ሆኖ ያሠራን የሰፈራችን ሰው፣ አባቴ ድንጋይ አውርዶ ዐረፍ ቢል በጅራፍ ገረፈው። አባቴ ከዚያ ወዲህ ወገቡ ቀና አላለም። ጣሊያን ሲሄድ ካቦው ብቻውን ቀረ፤ ሽማግሌዎቹም ለዕርቅ ወደ ሶንጎ፣ ወደ መሰብሰቢያቸው ጠሩት። እዚያ ዱላ ይዞ መግባት ነውር ነው፤ ሁሉም በሩ ላይ ያስቀምጣል።

ከመግባታችን በፊት ካቦውን ስንወጣ ለምን እንደምመታው ለጓደኞቼ አስረዳሁ። «አንደኛ፣ የጀመረው እሱ ነው። ሁለተኛ፣ የሚዳኝ መንግሥት የለም። ሦስተኛ፣ የተከለከለው ውስጥ ነው፤ ውጭ ማንም አልከለከለም።»

«የኔታ፣ ትምህርቱ ገብቶናል፤ ፈተናው መቼ ነው?» አለ አንዱ። ሳቅን።

ውስጥ ካቦው አባቴ እግር ላይ ወደቀ። አባቴ እጁን ይዞ አነሣው። ሽማግሌዎቹ መረቁ።

ስንወጣ ጓደኞቼ «ካቦ፣ ዛሬስ ማንን ልትገርፍ መጣህ?» እያሉ ከበቡት። እሱ ግን በመካከላቸው አልፎ ወደ ዱላዎቹ ሄደ። ዱላዬን ሳስቀምጥ አይቶኝ ኖሮ፣ ጎንበስ ብሎ አነሣው፤ አቧራውን በነጠላው ጠረገና በሁለት እጁ አቀበለኝ። ዕርቁ የእኔም መስሎት ነው።

ተቀበልኩት። በዚያው መታሁት። ክንዱ ሲሰበር ሰማሁ። የጓደኞቼ ሳቅ ቀጥ አለ።

አባቴ እያነከሰ ደረሰ። «ልጄ፣ ምን አደረገህ?»

«አባባ፣ እርስዎን ገርፎ የለም እንዴ?»

«የተገረፍኩት እኔ ነኝ። እኔ ጨርሻለሁ። አንተን ምን አደረገህ?»

«አንደኛ» ልል አፌን ከፈትኩ። ካቦው ክንዱን ታቅፎ ከመሬት ላይ ያየኛል። አንዱም ምክንያት አልወጣም።

ጉልበት ፈጽሞ አይገባም አልልም። አባቴ ሲገረፍ ያን ጅራፍ የሚያስቆም እጅ ቢገኝ ኖሮ ማን ይወቅሰው ነበር? ግን እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ድንጋዬን ተሸክሜ አለፍኩ። ጅራፍ ይዞ ሳለ ያልነካሁትን ሰው፣ ዱላዬን ሲያቀብለኝ መታሁት።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንህ። ሰው ለመምታት ምክንያት ባገኘህ ቀን፣ ዱላህን አስቀምጥና ምክንያትህን ለጓደኞችህ ሳይሆን ለራሱ ለሰውዬው፣ ዐይኑን እያየህ አስረዳው። እባክህ፣ አንድ ጊዜ ሞክረው።