የወጌሻው ቋጠሮ

በጣሊያን ጊዜ አባቴ መቱ ውስጥ ጨውና አቡጀዲ ይሸጥ ነበር። እኔ ፊደል ቆጥሬ ጥቂት ክፍል ከተማርኩ በኋላ ትምህርቱ ቀርቶብኝ እቤት ነበርኩ። አንድ ቀን ኖፓ በሚባለው አገር አክስቴ ዘንድ ቡና ስለቅም ከዛፍ ወድቄ ቀኝ ክንዴ ተሰበረ።

አባቴ ወጌሻ አስመጣልኝ። ሽማግሌ ናቸው። አጥንቱን በመዳፋቸው ዳስሰው ገጠሙት፤ በቀርከሃ ስንጥር ደግፈው በጨርቅ ጠፍረው አሰሩት። «በሦስተኛው ቀን መጥቼ አላላዋለሁ» ብለው ሄዱ። በእኛ አገር የወጌሻን እስር ከራሱ ከወጌሻው በቀር ማንም አይነካም። ሌላ እጅ ከፈታው አጥንቱ ይዞራል ይባላል።

በሦስተኛው ቀን አልመጡም። ማር ሊቆርጡ ያዮ ጫካ መሄዳቸውን ሰማን። ጣቶቼ አብጠው ጠቆሩ፤ መጀመሪያ አቃጠሉኝ፣ ኋላ የእኔ መሆናቸውም ጠፋኝ። እናቴ ቢላዋ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ቢላዋውን ወደ ጨርቁ አስጠጋችና መልሳ አስቀመጠችው። ወጌሻው በስምንተኛው ቀን መጥተው ቋጠሮውን ሲፈቱት ጣቶቼ እንደተጨበጡ ቀሩ።

አባቴ በአገር ሽማግሌዎች ፊት ሊከስ ተነሣ። በጣሊያኖቹ ቢሮ አስተርጓሚ የነበረ አንድ ጎረቤታችን ወደ ሱቃችን መጣ።

«ጋሼ፣ ለሹሙ አንድ ቃል ልንገርልዎት፤ ሰውዬው ዛሬውኑ ይታሰራል» አለው። «ሽማግሌዎቹ ምን ያደርጉልዎታል? ምራቅና ምርቃት ነው የሚሰጡዎት።»

«እሳቸው ሲታሰሩ የልጄ ጣት ይዘረጋል?»

«አይዘረጋም። ልብዎ ግን ያርፋል።»

«ነገ ያንተ እግር ቢሰበር ማን ያቃናልሃል?»

አስተርጓሚው እግሩን አየና ከሱቁ ወጣ።

ስለዚህ ከገበያው በላይ ባለው ሾላ ሥር ሽማግሌዎች ፊት ቀረብን። አባቴ መንገድ ላይ፣ «ወጌሻው እስሩን ሰው ፈትቶት ነበር ካሉ ጥፋቱ የእኛ ይሆናል። ተናገሪ» አለኝ። እኔ ደግሞ ገበያተኛ ሲመጣ እንኳ ከጨው ጆንያ ጀርባ የምደበቅ ልጅ ነበርኩ።

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ፣ «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «እስሩን የነካው ሰው ነበር?»

መለስኩ። ድምፄን ለራሴም አልሰማሁትም። ከኋላ አንዱ፣ «ለጉንዳን ነው እንዴ የምትነግረው?» አለና ሰው ሳቀ።

ሽማግሌው አልሳቁም። ተነሡና በርጩማቸውን አንሥተው እፊቴ መጥተው ተቀመጡ። ሌሎቹም በየተራ ተነሡ። አገር የሚፈራቸው፣ ጺማቸው የነጣ ሰዎች በርጩማ ተሸክመው፣ ከእኔ አንዲት ቃል ለመስማት ወደ እኔ ሲመጡ አየሁ። የቃሌ ክብደት እንደዚያን ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም።

«ማንም አልነካውም» አልኩ። «እናቴ ልትቆርጠው ቢላዋ አምጥታ ነበር፤ የእሳቸውን እስር ፈርታ ተወችው።»

ሁሉም ወደ ወጌሻው ዞሩ። «ውሸት ነው» ቢሉ ማን ያስተባብላቸዋል? እሳቸው ግን ጥምጥማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ቋጠሮው የእኔው ነው» አሉ። «እጄ የሠራውን አውቃለሁ፤ እንዳሰርኩት ነው ያገኘሁት። ማሩ አስቀረኝ።»

ሰው በራሱ ላይ እንዲህ ሲመሰክር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ለጉዳቴ ካሳ የምትታለብ ላም ፈረዱልኝ። ቀጥለውም፣ ወጌሻው ከእንግዲህ ሲያስሩ አላላሉን ለቤቱ ሰው ሳያሳዩ፣ እኔም የእስሩን አለመጥበቅ ሳላረጋግጥ እንዳይሄዱ ወሰኑ።

ክረምቱ ሲወጣ የአንዲት ጎረቤታችን እጅ ተሰብሮ ወጌሻው ልከው አስጠሩኝ። አስረው ጨርሰው ነበር። የግራ እጄን ትንሿን ጣት ከጨርቁ ሥር ለማስገባት ሞከርኩ።

«ገባ?» አሉኝ።

ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ።

«እሷም ትስማ፤ አፍ አውጥተሽ ተናገሪ።»

«አልገባም» አልኩ።

እኒያ የአገሩን አጥንት ሁሉ የገጠሙ እጆች ቋጠሯቸውን ፈቱት፤ እንደገናም ቀስ ብለው ማሰር ጀመሩ።