የኤቫንድሮ በር ቁጥር

ጣሊያን አገር፣ አብሩዞ ውስጥ፣ እኛ ሰፈር፣ ኤቫንድሮ ነሐስ አቅልጦ የሰዓት ቁጥር ይሠራል። ከአባቱ የወረሰው ቅርጽ ማውጫ አንዴ ነሐስ ሲፈስበት አምስት I፣ አንድ V እና አንድ X ያወጣል። አራት ጊዜ ሲያፈስ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ይሞላለታል፤ አራትን IIII ብሎ ከሠራ ሃያው I ልክ ያልቃል፣ ምንም አይተርፍም።

የቤተ ክርስቲያኑን ሰዓት ያዘዘችው ግን ከኤቫንድሮ ቤት ፊት ለፊት የምትኖረው እህቱ ዞራይዴ ናት።

«አራት IV ነው» አለችው። «እስረኛ ቀን እንደሚቆጥርበት ጭረት አትደርድርብኝ።»

«አባባ እንዲህ ነበር የሚሠራው።»

«አባባም ተሳስቶ ነበር።»

ኤቫንድሮ አሰላው። በእሷ አሠራር አምስት V ያስፈልጋል፤ በአራት ማፍሰስ ግን የሚወጣው አራት ብቻ ነው፤ I ደግሞ አሥራ ሰባት ይበቃል። ስለዚህ አምስተኛ ጊዜ አፈሰሰ። ሰዓቱ ተሰቀለ፣ ዞራይዴም ረካች።

አንድ X እና ስምንት I ተረፈው። የቤቱ ቁጥር አሥራ ስምንት ስለሆነ፣ በሩ ላይ XIIIIIIII ብሎ ቸነከረው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ዞራይዴ።

«ያንቺ ትርፍ ነው። ቁጠሪው።»

ፖስተኛው እስከ ዛሬ በጣቱ እየቆጠረ ያንኳኳል። የዞራይዴ መጋረጃ ግን ከዚያ ወዲህ ተከፍቶ አይቼ አላውቅም።