ጣራችን ያፈስ ነበር

ሙዚየሙ አዲስ ያስገባቸውን ሥዕሎች ለማየት ከአጎቴ ጋር ሄጄ፣ የእሱ ሥዕል ጥግ ላይ ያለውን ቡናማ የውሃ እድፍ ሳይ፣ ድሮ ጉለሌ የነበረው ቤታችን ትዝ አለኝ።

የደርግ ጊዜ ነው፤ ክረምት። አጎቴ ስንቅ ይዘው እስር ቤት በር ላይ የተኮለኮሉ እናቶችን ሥሎ ነበር። አሰሳ ሊመጣ ነው ሲባል፣ አባቴ የሥዕሉን ፊት ወደ ጣራው ቆርቆሮ አዙሮ ከአቡጀዲ ኮርኒሳችን ጋር ወጥሮ መታው፤ ኮርኒሱን እንዲመስልም ጀርባውን ኖራ ቀባው። ቤቱ ኖራ ኖራ፣ ቀለም ቀለም ሸተተ።

“ዛሬ ቀና ብለሽ እንዳታዪ” አለችኝ እናቴ። ምን እንዳጠፋሁ ስላልገባኝ እግሬን ሳይ ዋልኩ።

አብዮት ጥበቃዎቹ ፍራሹን ገለበጡ፤ ሳጥኑን በረበሩ። ድንገት የአንደኛው ኮፍያ ላይ ውሃ ጠብ አለ። ሰውየው ቀና አለ። የእናቴ እጅ ትከሻዬን ጨመደደኝ። ሰውየው ኮርኒሱ ላይ የረጠበውን ቦታ በጠመንጃው አፈሙዝ ነካ አደረገው።

“ጣራችሁ ያፈሳል እኮ! አስጠግኑት እንጂ።”

“እሺ፣ ጓድ” አለ አባቴ።

ሲወጡ እናቴ የተገለበጠው ፍራሽ ላይ ዘፍ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጣራውን ግን ማን ደፍሮ ይነካዋል? ሥዕሉ ደርግ እስኪወድቅ እላያችን ላይ ኖረ።

አሁን ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ ተሰቅሏል። አጎቴ እድፉን በከዘራው አመለከተኝና ጆሮዬ ሥር፣

“ምነው፣ እስካሁን አላስጠገናችሁትም?” አለኝ።